ማኅተሙን እንጂ ፊቱን

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ አዝዋ ገደል ሳይታይ፣
ሙሄ ከኮምቦልቻ ገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።
ፌስታሉ ይንጠባጠባል፤ በረዶው ውኃ ሆኗል።
«ሐረጎ ላይ አይሱዙ ተጋድሞ መንገድ ዘግቷል፤
ሦስት ሰዓት ቆምን» አለኝ፣ ጃኬቱን እያራገፈ።
ለሱ የመንገድ ወሬ ነው፤ መጣ፣ ተወራ፣ አለፈ።
እኔ ግን ብልቃጡን ይዤ ቆጠርኩት በደቂቃ፤
መቶ ሰማንያ። ቁራጯ ሥጋ እንደ ነቃች፣ ሞቃ።

ከሽንብራ አትበልጥም። የሸምሲያ ናት፣ የይማም ልጅ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ማሽን ሥር ሃያ ሁለት ዓመት በእጅ
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣ ስትቋጥር የኖረች።
ባለፈው ክፍሏ ስገባ፣ ጣሪያውን እያየች፦
«ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ቀይ መብራት ይበራል።
እኔ ስበጠስ፣ ልጄ፣ የትኛው መብራት በርቷል?»

ያንን መብራት ነው የምፈልገው።

ሕዋስ ጎረቤቱን ይዞ፣ መሬቱን ነክሶ ነው የሚኖር።
ከእግሩ ሥር አንድ ፕሮቲን አለ፣ ሲነግሩት የሚሰማ፣ ሲሰማ የሚናገር።
ፎስፌት፣ ያቺ ቅንጣት፣ ታይሮሲኑ ላይ ስትለጠፍ፣
«የጨበጥከውን ልቀቅ፣ ተነሥ፣ ድንበሩን እለፍ!»
ትእዛዙ ይኸው ነው። ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው።
ካንሰር ያንን ትእዛዝ ሰርቆ ቀን ከሌት ነው የሚደግመው።

ጠብታዋ ፀረ-አካል ደግሞ፣ አይቻት የማላውቃት
ጥንቸል በደሟ አብጅታ፣ በብልቃጥ የላከቻት፣
እንደ ቀበሌያችን ጸሐፊ ናት፣ እንደ ጋሽ አራጋው፦
ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ አባቴን ቀብሯል፣ ልጄን ስሟል፤
ማኅተም የሌለው ወረቀት ስሰጠው ግን «ማን ልበል?» ይላል።
ፕሮቲኑ ሺህ ጊዜ ቢያልፍ ዞራ አታየውም።
ማኅተሙን እንጂ ፊቱን አታውቅም።

ነገር ግን ማኅተም ይፋቃል።
ሥጋ ከገላ ሲለይ ባንዴ የሚሞት ይመስላል፤
አይሞትም። ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ሥራ እንደ ለመዱ፣
ፎስፌቱን አንድ በአንድ ቆንጥረው እየወሰዱ፣
ብርድ እስኪያስቆማቸው ድረስ አያርፉም።

ማታ መብራት ጠፋ፤ ከቧንቧ ውኃ እስከ ፒያሳ ጥቁር።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ፤ ቀጠልኩ ስቆጥር።
ንጋት ላይ ሁለት ሜምብሬን፦ አንዱ መስመሩ ደማቅ፣ እንደ ኩል፤
ፕሮቲኑ አለ።
ሌላው፣ የማኅተሙ፣ ነጭ። ጥርት ያለ ባዶ።

ዶክተር ኑረዲን በስልክ «ኔጋቲቭ ብለሽ ጻፊው» አለኝ፣
«ሪፖርቱ ዐርብ ነው።» ጣቴ ብዕሩ ላይ ደረቀብኝ።
የሳንባዋን ራጅ አይቻለሁ፤ ነጠብጣቡን ቆጥሬያለሁ፤
ትእዛዝ ያልሰማ ሕዋስ ከጡት ሳንባ እንደማይሄድ አውቃለሁ።
ባዶው የሷ አይደለም። የሐረጎ ነው፤ የአይሱዙው፤ የኔ።
«የለም» አልጻፍኩም። «ዘገየን» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት እኔ።

ስደውልላት ሸምሲያ ሳቀች፣ ሳሉ እስኪያቋርጣት ድረስ።
«ጫፉን ወዲያው ነው መያዝ፣ ልክ ክሩ ሲበጠስ።
ደቂቃ ካለፈ፣ ልጄ፣ ጥቅሉን በሙሉ ትፈቺዋለሽ።»
መድኃኒት አልጠየቀችኝ፤ እኔም የለኝም አላልኳት።
ስለ ሰኞው ቀዶ ጥገና ብቻ፣ ስለ ሌላ ሴት፣ ነገርኳት።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ በጉም መብራት ሐረጎን ወረድን።
ቦርከና ከታች ነጭ ክር መስሎ፣ አንዴ ታይቶ አንዴ ሲሰወር።
የናይትሮጅኑን ቆርቆሮ በጉልበቶቼ መሃል አቅፌያለሁ።
ዛሬ የቀዶ ጥገናው በር ላይ እቆማለሁ፣ ሰዓት ይዤ።
ሠላሳ ሰከንድ፣ ከዚያ አይበልጥም።

ሙሄ ማርሽ እየቀነሰ ዕቃውን በአገጩ ጠቆመና
«ምን ይዘሽ ነው እንዲህ ያቀፍሽው?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
«ብርድ ብቻ።»